ሁለት ግራ ክንፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

እታለሜ፣

መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ይቅርታ፣ መጨረሻ ላይ ልመና አለ። በተራ አንብቢው እንጂ ወደ ልመናው አትዝለይ፤ አውቅሻለሁ።

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጅሽ ቤት ደረጃው አላስቸገረሽም? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉሮሮዬ ብቻ ተዘግቷል። ሠላሳ ሁለት ልጅ “ቲቸር!” ሲል ሠላሳ ሁለት ጊዜ “አቤት” ስል ነው የምውለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስላልጻፍኩልሽ ይቅር በይኝ። እንዳልደውልልሽ፣ ባለፈው በስልክ የተጯጯህነውን ጎረቤቶቼ እስካሁን ጸብ ይመስላቸዋል። አክስቴ ናት፣ ጆሮዋ ትንሽ ደከም ብሎ ነው ብላቸው ማን ይመነኝ።

በአውቶቡሱ ሾፌር በላክሽው ብጣሽ ወረቀት ለጠየቅሽኝ መልሱ፣ አዎ፣ ገና በሙከራ ላይ ነኝ። የሦስት ወር ሙከራዬ የሚያልቀው ታኅሣሥ 11፣ ትምህርት ቤቱ የአገር ቀንን በሚያከብርበት ዓርብ ነው። የዚያን ዕለት ወላጆችና ከበላይ የሚመጡ እንግዶች በየክፍሉ እየገቡ የልጆቹን ሥራ ያያሉ። ለአንዱ ክፍል ባንዲራ፣ ለአንዱ ካርታ ሲደርሰው ለእኛ የደረሰችን ወፊቱ ናት፤ ያቺ የአገር ምልክት የሆነችው ወፍ፣ በባንዲራው ቀለም ተሠርታ። ዳይሬክተሯ ቢሯቸው ጠርተውኝ “ግድግዳሽን ካየሁ በኋላ ስለ ቋሚነትሽ እንነጋገራለን” አሉኝ። ባለፈው ዓመት የነበረችው መምህርት ግድግዳዋ አላምር ብሎ ነው አሉ የተሰናበተችው።

እታለም፣ ይህን ሥራ እፈልገዋለሁ። አራት ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ የሰው ወረቀት ሳባዛ አንድም ቀን ጠዋት ለመነሳት ቸኩዬ አላውቅም። አሁን ዘበኛው በሩን ሳይከፍት እደርሳለሁ። ጫማ ማሰርና አፍንጫ መጥረግ እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ ማን ይገምታል?

ልመናው ይኸውልሽ። አንቺ ሠላሳ ዓመት ሙአለ ሕፃናት ያስተማርሽ ሰው ነሽ፤ ለአራት ዓመት ልጅ የሚቀል የወፍ ሥራ ንገሪኝ። ያንቺ ክፍል ግድግዳ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ ሁሉም ወፍ እኩል፣ ሁሉም ክንፍ ቀጥ ያለ። እኔም ከተማሪዎችሽ አንዷ ነበርኩ፤ ወፌ እስካሁን ልብስ ሳጥኔ ውስጥ ናት። አስተማሪ ልሁን ያልኩት እኮ እሷን እያየሁ ነው። እንዴት ብለሽ ነው የአራት ዓመት ልጅ እንደዚያ ቀጥ አድርጎ እንዲቆርጥ ያደረግሽው? አትደብቂኝ።

ያንቺው ሚጡ


ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሚጡዬ፣

ወደ ልመናው ነው የዘለልኩት፤ ምን ታደርጊኛለሽ? ሰላምታውን ኋላ ተመልሼ አነበብኩት። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ደረጃውም ደህና ነው። ልጄ ብቻ በየሦስት ደረጃው “እማ፣ አረፍ በዪ” እያለ ያደክመኛል። ጆሮዬን በተመለከተ፣ እኔ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ስልኩ ነው የማይሰማው።

ወፍ ከባድ አይደለችም። ሰውነቷ የሶፍት ጥቅል ካርቶኑ ነው፤ ከወላጆች ሰብስቢ፣ ሳምንት አይፈጅም። ክንፏ የልጁ እጅ ነው። ባለቀለም ወረቀት ላይ መዳፉን ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ ይስላል፣ ተቆርጦ ሲወጣ ጣቶቹ ላባ ይሆናሉ። አፏን ከትንሽ ወረቀት ለሁለት አጥፈሽ በሦስት ማዕዘን ቁረጪ። ዓይኗን በአዝራር እንዳታደርጊ! አዝራር ልጅ ያገኘ ዕለት የሚገባው አፍንጫው ውስጥ ነው። በወረቀት መብሻው የሚወጣውን ክብ ክብ ሰብስበሽ አስለጥፊ። ደረቷ ላይ የባንዲራውን ቀለማት በጭረት በጭረት ይደርድሩ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አንቺ ሰሌዳ ላይ አስቀምጪላቸው፣ አለዚያ የሌላ አገር ወፍ ታሰቅያለሽ።

ኮላውን በጠርሙስ ክዳን ጠብ ጠብ አድርገሽ አድያቸው፤ ጠርሙሱን የሰጠሽ ዕለት ፀጉራቸውን ስታጥቢ ትውያለሽ። መሳሉን በአንድ ቀን፣ መቁረጡን በሌላ ቀን፣ ማጣበቁን በሦስተኛው አድርጊው። ከሃያ ደቂቃ በላይ እንዳታስቀምጫቸው። አንዱ ሽንት ቤት ካለ ሁሉም ሽንት ቤት ነው፣ እሱን መቼም ደርሰሽበታል።

እንዴት ቀጥ ይል ነበር ላልሽው፣ ያው ልምድ ነው። በጊዜ ብዛት ይመጣል። ለእንግዶቹ የምትለብሽው ልብስ አለሽ ወይ? ያን ቡኒ ሹራብ እንዳትለብሽው፣ ፊትሽን ያጠቁረዋል።

አክስትሽ


ሐሙስ፣ ኅዳር 19

እታለሜ፣

ካርቶኑን ሰበሰብን። “ሠላሳ ሁለት አምጡልኝ” ብዬ መቶ አሥር መጣ። አንዱ አባት ገና ያላለቀውን ፈትቶ ነው መሰለኝ ወረቀቱንም ጠቅልሎ በከረጢት ላከው። ልብስ የጠየቅሽኝ እንደሆነ ግራጫውን ቀሚስ አስተኩሻለሁ፤ ቡኒው ሹራብ ላይ ግን ምን ቂም እንዳለሽ አላውቅም።

እኔ አንዲት ናሙና ሠርቼ ለዳይሬክተሯ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋትና “ልክ እንዲህ! ሠላሳ ሁለት እንዲህ ዓይነት!” አሉኝ። ደስ ብሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ነው የደነገጥኩት፤ እሷን የሠራኋት እኮ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ።

የደረቱን ጭረት ጨርሰናል። እናቷ ልብስ ሰፊ የሆነች አንዲት ልጅ “አገራችን ሐምራዊ የላትም?” አለችኝ። የላትም አልኳት። “እንስጣታ!” አለች። አይሆንም አልኳት። ስትታዘዝ እንባዋ ግጥም ብሎ ስለነበር አንጀቴን በላችው። ኋላ ሳይ ከካርቶኑ ሥር፣ ማንም በማያየው በኩል፣ በሐምራዊ ከለር ሞጭራበታለች። ያላየሁ መሰልኩ።

ስለ ክንፎቹ በሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አንቺም የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም፤ ልምድ ብሎ መልስ የለም። የኔዎቹ ሲቆርጡ መቀሱ የሚሄደው ወደፈለገበት ነው። ያንቺዎቹ ምን በልተው ነው የሚመጡት?

ሚጡ


ሰኞ፣ ኅዳር 23

ሚጡ፣

“ሌላው ሁሉ ደህና ነው” ስትዪ ደነገጥኩ። በልጅነትሽ ብርጭቆ ስትሰብሪ “ሰሃኖቹ ሁሉ ደህና ናቸው” እያልሽ ነበር ወጥ ቤት የምትወጪው። ክንፎቹ ምን ሆኑ? ለእኔ ካልነገርሽ ለማን ልትነግሪ ነው?

አቆራረጡን በተመለከተ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ትንሽ ነካ ነካ ብታደርጊው አይከፋም። ሁሉም አስተማሪ ያደርገዋል። በቃ ይኸው ነው።

አክስትሽ


ሐሙስ፣ ኅዳር 26

እታለም፣

እሺ፣ ልናዘዝ። ሁሉም ክንፍ ግራ ነው።

ልጆቹ እርሳሱን በቀኝ ይይዛሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ክንፍ የሳሉት ግራ እጃቸውን ዘርግተው ነው። እኔ ዙሪያቸውን እየዞርኩ “ጎበዝ፣ ጎበዝ” ስል አንዴ እንኳ አልታየኝም። በማግስቱ ቆረጥን፣ በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዋን ስናጣብቅ ወፊቱ ሁለት አውራ ጣት ባንድ በኩል ቀስራ ቁጭ አለች፤ ወደ አንድ ጎን ተንሸራትታ የምትወድቅ ነው የምትመስለው። ገልብጬ ልለጥፍ ብል ወረቀቱ ቀለሙ በአንድ ፊት ብቻ ነው፣ ጀርባው ነጭ። ስድሳ አራት ግራ ክንፍ! አንድ ቀኝ የለኝም።

ባለቀለም ወረቀቱ አልቋል፤ የቀረው የዳይሬክተሯ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ገባሁና ነገርኳቸው። ወረቀቱን ሰጡኝ። ሲሰጡኝ ግን “ያለፈው ዓመቷም እንዲህ ነበር የጀመራት” አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ክፉ ሰው አይደሉም እኮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ “አንቺው ቤትሽ ሠርተሽ አምጪና ስቀይው። ልጆቹ አያውቁም፣ ወላጅም ደስ ይለዋል። ያ እንግዳ ሁሉ የሚያየው ግድግዳውን ነው” አሉኝ።

ነካ ነካ ያልሽው ይህን ነው? እውነቱን ንገሪኝ። ነካ ነካ ምን ያህል ነው?

ሚጡ


እሑድ፣ ኅዳር 29

ሚጡዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ሦስተኛው ይሂድልኝ።

ነካ ነካ ማለት ሁሉንም ነው። ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እኔ በሩን ዘግቼ የእነሱን ሥራ ሣጥን ውስጥ እከትና አዲስ እሠራ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ እኩል የሆነ። ጀርባው ላይ ስማቸውን እጽፍበታለሁ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት የኔ ግድግዳ የኔው ሥራ ነበር። ልጆቹ የሠሩትን ከቆሻሻው ጋር አስወጣዋለሁ።

ለምን ትይኝ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት የእነሱን ሰቅዬ ነበር። አንድ እንግዳ አየና “ይኼ ምንድን ነው፣ ዶሮ ነው?” ብሎ ሳቀ፤ ባልደረቦቼም ሳቁ። ያ ሳቅ ውስጤ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ራሴ ሠራሁ፣ ተመሰገንኩ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ልብስ ሣጥንሽ ውስጥ ያለችው ወፍ የኔ ሥራ ናት። ያንቺዋ ሌላ ነበረች። አንደኛው ክንፏ ከሰውነቷ ይበልጥ ነበር፣ ዓይኖቿም ሦስት ነበሩ። የወንድሜን ልጅ ሥራ መጣል ትንሽ ከበደኝ፤ ግን ጣልኳት። በልጅነትሽ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ ፈራሁ። ይቅር በይኝ።

አሁን ስለ አንቺ። ሥራሽን እንድታጪ አልፈልግም። ሴትዮዋ ያሉሽ ክፉ ምክር አይደለም፤ እኔ በእሱ ሠላሳ ዓመት እንጀራዬን በልቼበታለሁ። ካልሽ ናሙናዋን ላኪልኝ። እጄ አሁንም አይንቀጠቀጥም። አሥራ ስድስቱን እዚህ ሠርቼ በአውቶቡሱ ሾፌር እልክልሻለሁ፣ አሥራ ስድስቱን አንቺ ትሠሪያለሽ። ለማንም አይነገርም። ምርጫው ግን ያንቺ ነው፣ በዚህኛውም በዚያኛውም አልቀየምሽም።

አክስትሽ


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

እታለም፣

አሥራ ስድስቱን ወፍ አትሥሪ። ምንም አትላኪ።

ምነው አልጻፈችም ብለሽ ሾፌሩን ማክሰኞም ሐሙስም ጠየቅሽው አሉ። መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ወፌን ከሣጥኑ አውጥቼ መስኮት ሥር አየኋት፤ መቀሱ አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፈም። ሠላሳ ሁለት ልጅ ሲቆርጥ ያየሁ ሰው እኮ በራሴ መንቃት ነበረብኝ። ሆድ ባሰኝ። ተናደድኩብሽም፣ አልዋሽሽም። ሁለት ቀን ሙሉ በልቤ ስጣላሽ ከርሜ ሦስት ዓይን የነበራት ወፌ ትዝ አለችኝና ብቻዬን በሳቅ ፈረስኩ። ምነው ባየኋት! ሦስት ዓይን፣ እታለም! ቁጣዬ እዚያ ላይ አለቀ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ዝም ስላልኩሽ ይቅር በይኝ።

ግን እኔ አላደርገውም። ይህን ሥራ የምፈልገው እነሱ ሲሠሩ ለማየት እንጂ እነሱ ሲሄዱ ለመሥራት አይደለም። ለዳይሬክተሯ ነገርኳቸው። “ኃላፊነቱ ያንቺ ነው” አሉኝ።

አሁን ክንፉ እንዴት ሆነ አትይም? ቀኝ እጃቸውን በግራ መሳል አቃታቸው፤ እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል። እኔ ልሳልላችሁ ልል ስል የልብስ ሰፊዋ ልጅ አጠገቧ የተቀመጠውን የአንድ አናጺ ልጅ ቀኝ እጅ ጎትታ ወረቀቱ ላይ ጫነችና ዙሪያውን ሳለችው። እሱም የእሷን ሳለ። ሌሎቹ አዩ፣ በአምስት ደቂቃ ክፍሉ በሙሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ ቁጭ። መኮርኮር ነው፣ ሳቅ ነው፣ ዝም ማሰኘት አልቻልኩም፣ አልፈለግኩምም። ታዲያ የሳለው ልጅ ቆረጠና የራሱ ወፍ ላይ ለጠፈው። ስለዚህ የእያንዳንዷ ወፍ ግራ ክንፍ የባለቤቷ እጅ ነው፣ ቀኝ ክንፏ የጓደኛው። የተረፉትን ሠላሳ ሁለት ግራ ክንፎች ጭራ አደረግናቸው፤ አምስት ጣት ያለው ጭራ በጣም ያምራል።

ቀጥ ያለ ግን አንድም የለም። አንዷ ወፍ በጀርባዋ ተኝታለች፣ ባለቤቱ “ደክሟት ነው” ይላል። ሰኞ እሰቅላቸዋለሁ። ፈርቻለሁ፣ እታለም። ዓርብ ያልቅልኛል ወይም ያልቅብኛል።

ሚጡ


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

እታለሜ፣

በሾፌሩ የላክሽው ወረቀት ላይ “በአንድ ቃል ንገሪኝ” ብለሻል። በአንድ ቃል አይነገርም፤ ተቀመጪና አንብቢ።

ዓርብ ከእንግዶቹ አንዱ ግድግዳው ፊት ቆሞ አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ከዚያ ወጣ። ወላጆች ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነው፤ አንቺ ላይ የተሳቀው ትዝ አለኝ። አንዲት እናት “የልጄ የቷ ናት?” ብላ ስትፈልግ ልጇ ቀሚሷን ጎትታ “ያቻት!” አለቻት፤ ዓይኗን እንኳ አላንከራተተችም። ሁሉም እንዲሁ ነበሩ። ሠላሳ ሁለት ወፍ ተደባልቆ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሳይፈልግ አገኛት። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፣ ፊታቸው አይነበብም። “ሰኞ ጠዋት ቢሮ ነይ” ብለውኝ ሄዱ።

ጉዱ የፈላው ግን መሄጃ ሰዓት ላይ ነው። ወፎቹን ይዘው እንዲሄዱ ላወርድ ስል “የኔ ናት፣ እኔ ነኝ የሠራኋት!” “እጁ የኔ ነው!” ተጀመረ። ሠላሳ ሁለት ወፍ፣ ለእያንዳንዷ ሁለት ባለቤት! የልብስ ሰፊዋ ልጅና የአናጺው ልጅ አንዷን ወፍ በሁለት ክንፍ ይዘው እየተጓተቱ ይንጫጫሉ፣ አንዲት ልጅ ወለሉ ላይ ተኝታ ታለቅሳለች፣ እንግዶቹ ገና ግቢው ውስጥ ናቸው። “ቅዳሜ አንዱ ቤት ታድራለች፣ እሑድ የጓደኛው ቤት ታድራለች፣ ሰኞ ወደ ግድግዳዋ ትመለሳለች” አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። እንባውን ጠርጎ ሁሉም ወጣ። ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቂኝ፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ቦታዬን ለሌላ ሰጥቶ እንደሆነ እስከ መጠየቅ ደርሼ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከደወሉ በፊት ስደርስ በክፍሌ በር ላይ ወላጅ ተሰልፏል። ዳይሬክተሯም ከእኔ እኩል ደረሱ፤ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከፊት ወደቆመው አናጺ ሄደው “ምንድን ነው፣ አቤቱታ ነው?” አሉት። “ኧረ የምን አቤቱታ፣ ወፍ ልንመልስ ነው” አለ። አጠገቡ ልብስ ሰፊዋ ቆማለች። እታለም፣ እነዚህ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፤ በአጥር የተነሳ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋል፣ ልጆቻቸውን ሲያመጡ እንኳ አንዱ እስኪወጣ ሌላው ደጅ ይቆም ነበር። እሑድ አናጺው ወፏን ሊያደርስ በሯን አንኳኳ፣ ግባ አለችው፣ ልጆቹ ሲጫወቱ መሸበት። አናጺው ደግሞ እየሳቀ ምን ይላል፣ “ጎበጥ ያለውን ክንፏን ላቃና ብዬ እጄን ሰደድ ባደርግ ልጄ ከቤት ሊያስወጣኝ ነበር! ‘አትንካት፣ የጓደኛዬ እጅ ነው’ ይለኛል።” ከኋላ ያሉትም የየራሳቸውን እያወሩ ተቀበሉት። አንዷ “የሚቀጥለው ሳምንት ምንድን ነው የሚሠሩት?” አለችኝ። ዳይሬክተሯ ፊት!

እሳቸው ሁሉም እስኪገባ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብተው አንዷን ትንሽ ወንበር ስበው ተቀመጡባትና፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ፣ ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት። “ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ወላጅ ለአቤቱታ እንጂ ለወፍ ሲሰለፍ አላየሁም” አሉ። የቋሚነት ወረቀቱን ከቦርሳቸው አውጥተው “ፈርሚ” አሉኝ። ለካ ይዘውት ነው የመጡት፤ ሊሰጡኝ ይሁን ሊቀድዱት አልጠየቅኳቸውም። ፈረምኩ።

ቋሚ ሆንኩ፣ እታለም! ቋሚ! ይኸው አንድ ቃል ካልሽ።

ሚጡ


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ሚጡዬ፣

እልል አልኩ። ልጄ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ መጣ፣ ወደቀች ብሎ። “ልጅቷ ቋሚ ሆነች!” አልኩት። ጎረቤቱም ሰማ፣ ከታች ያለችው ባለሱቅም ሰማች፤ ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። የአናጺውን ጋ ስደርስ ባለሱቋ ሳቋ አላቆም ብሏት ደንበኛዋን አስቆመችው። ስንመጣ ምን እናምጣልሽ ይላል ልጄ፤ በሚቀጥለው ወር መኪና ተበድሮ ሊያመጣኝ ነው። ክፍልሽን ሳላይ አልቀርም።

ከይቅርታሽ በኋላ ደግሞ ደህና እተኛለሁ። አንቺ ይቅር ካልሽኝ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና ላብቃ።

ልጆቹ ወፋቸውን ሳይፈልጉ አገኙ ያልሽውን ሦስት ጊዜ መላልሼ አነበብኩት። የኔ ልጆች በየዓመቱ ግድግዳው ሥር ቆመው ወደ ላይ ያንጋጥጡና “እትዬ፣ የኔ የቷ ናት?” ይሉኝ ነበር። አንድ በአንድ እያወረድኩ፣ ጀርባውን አንብቤ፣ “ይቺ ናት” እላቸዋለሁ። ሕፃናት ናቸው፣ ይረሳሉ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ። አንቺም ቆመሽ ጠይቀሽኛል፣ የወንድሜ ልጅ፣ እጄን ይዘሽ።

አልረሳችሁም ነበር። ግድግዳው ላይ አልነበራችሁም። ይህ የገባኝ ካንቺ ክፍል ነው፤ ከነጉልበቴ፣ ከነጆሮዬ፣ ካስተማርኳት ልጅ ተማርኩ። ኮራሁብሽ፣ ሚጡ። እንኳን ደስ አለሽ።

አክስትሽ